የማያጋድል መኪና፦ የጠንካራ ስታቢላይዘር አመራረጥና አስተካከል

በአዲስ አበባ ከሥላሴ ወጥተው በአራት ኪሎ አድርገው ወደ ፒያሳ ሲነዱ መንገዱ ራስ መኮንን ድልድይ ድረስ ይወርዳል፤ ድልድዩን ከተሻገሩ በኋላ ደግሞ ዳገቱ ይጀምራል። ከፒያሳ ወዲያ የቸርችል ጎዳና ቁልቁለት ይጠብቅዎታል። በዚህ መስመር ላይ ጥሩ ጎማ የገጠመና ዝቅ ያለ መኪና የያዘ ሰው አንድ ነገር ይሰማዋል፦ መሪውን ሲያዞር አካሉ መጀመሪያ ወደ ውጭ ያጋድላል፣ ከዚያ ነው መኪናው መታጠፍ የሚጀምረው። ወደ ጋራዥ ሄዶ ይህን ሲናገር የሚሰማው መልስ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ «ወፍራም ስታቢላይዘር ግጠምበት።» ምክሩ ትክክል ነው፤ ግን ግማሽ ምክር ነው። ፊት ነው ወይስ ኋላ? ስንት ሚሊ ሜትር? በየትኛው ቀዳዳ? ለየትኛው መንገድ? እነዚህ ካልተመለሱ ያው ወፍራም ብረት ደኅናውን መኪና ያበላሻል።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። በአራዳ ክፍለ ከተማ ዙሪያ ለሚነዳ መኪና የሚሻለው ስታቢላይዘር ከሁሉ የጠነከረው አይደለም። ፋብሪካው ከሰጠው አንድ ደረጃ ብቻ የጠነከረና ሲፈለግ የሚላላ፣ ሲፈለግ የሚጠብቅ ነው የሚሻለው። ምክንያቱ መንገዳችን ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማቱ የፒያሳና የአራት ኪሎ ዋና ጎዳናዎች አዲስ አስፋልት ለብሰዋል። ከዋናው ጎዳና ወደ ሰፈር ሲገቡ ግን ኮብልስቶን፣ የሰመጠ የፍሳሽ ክዳንና ቀጥ ያለ ዳገት ይቀበልዎታል። አንዱ መኪና በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሁለቱንም ይረግጣል። ለውድድር ሜዳ ተብሎ በውጭ አገር የተጻፈ ምክር ይህን ኑሮ አያውቀውም።

በከተማችን ስፖርት መኪና ሆኖ ከፋብሪካ የወጣ ጥቂት ነው። አብዛኛው በባለቤቱ ፍቅርና በመካኒኩ እጅ ስፖርት የሆነ ነው፦ እ.ኤ.አ. የ1980ዎቹ ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ፣ ጎልፍ፣ አሮጌ ቢኤምደብልዩ፣ አልፎ አልፎም ሴሊካ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ በእጅ ያለውን መኪና መንከባከብና ማሻሻል ዋጋው ጨምሯል። ሌላም ምክንያት አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን እዚህ ያጣል። በትንሽ ሞተር የሚነዳ ሰው ደስታውን የሚያገኘው ከመታጠፊያው ነውና ከሥር ላለው ብረት ገንዘብ ማውጣቱ አግባብ ነው።

ሥራው ምንድን ነው?

ስታቢላይዘር የግራና የቀኝ ጎማን የሚያገናኝ፣ ሁለቱም ጫፎቹ የታጠፉ የሞላ ብረት ነው። መካከሉ በሁለት ቡሾች ውስጥ አልፎ ከሻንሲው ጋር ይታሰራል፤ ጫፎቹ በሊንክ አማካይነት ከታችኛው ክንድ ወይም ከአሞርዛተሩ ጋር ይገናኛሉ። ሁለቱ ጎማዎች እኩል ከተነሡ ብረቱ በቡሾቹ ውስጥ ዝም ብሎ ይዞራል፤ ምንም አይታገልም። አንዱ ጎማ ብቻ ሲነሣ ወይም አካሉ ወደ አንድ ጎን ሲያጋድል ግን፣ ታጥቦ ሊጨመቅ እንደተያዘ ጋቢ ይጠመዘዛል። አካሉን የሚመልሰው ይህ ከጥምዘዛው የሚመጣ ኃይል ነው።

ብዙ ሰው የሚስተው ነጥብ እዚህ አለ። ስታቢላይዘር ጎማው መሬት የሚይዝበትን ኃይል አይጨምርም፤ ክብደት ያከፋፍላል እንጂ። መኪና ሲታጠፍ ክብደት ከውስጠኛው ጎማ ወደ ውጭኛው ይሸጋገራል። በጠቅላላው ስንት እንደሚሸጋገር የሚወስኑት የመኪናው ክብደት፣ የክብደቱ ማዕከል ከፍታ፣ በግራና በቀኝ ጎማ መካከል ያለው ስፋትና የሚታጠፉበት ፍጥነት ናቸው። ስታቢላይዘሩ የሚወስነው ከዚያ ውስጥ ፊት ስንቱን፣ ኋላ ስንቱን እንደሚሸከም ነው። የጠነከረው ጫፍ የበለጠውን ይሸከማል፤ የበለጠውን የተሸከመው ጫፍ ደግሞ ቀድሞ ይንሸራተታል። ፊቱን ካጠነከሩ መኪናው መሪውን እያዞሩትም ወደ ፊት መግፋት ይቀናዋል። ኋላውን ካጠነከሩ ኋላው ወደ ውጭ መውጣት ይቀናዋል። የሚቀጥለው ሁሉ ከዚህ የሚመነጭ ስለሆነ ይህን አንቀጽ ሁለት ጊዜ ቢያነቡት አይከፋም።

አንድ ልዩ ሁኔታ ልጨምር። ፊታቸው በአሞርዛተሩ ላይ ብቻ የቆመ መኪኖች ብዙ ሲያጋድሉ የውጭኛው ጎማ ቀጥ ብሎ መቆሙ ይቀርና በጠርዙ ይረግጣል። እነዚህ ላይ የፊቱን ስታቢላይዘር በልኩ ማጠንከር ጎማውን ቀና ስለሚያደርገው ፊቱ ከቀድሞው የተሻለ ሊይዝ ይችላል። ብዙዎቹ ዲኤክሶችና ጎልፎች የዚህ ዓይነት ናቸው።

ከመግዛትዎ በፊት

በመጀመሪያ ጎማዎቹን ይዩ። በጎማው ጎን ላይ ከዲ.ኦ.ቲ. ጽሑፍ ጋር የተቀረጹትን የመጨረሻ አራት አኃዞች ያንብቡ፦ 2319 ካለ በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው ማለት ነው። ጥርሱ ያላለቀ ግን ያረጀና የደረቀ ጎማ በየመንደሩ ሞልቷል፤ በእንዲህ ያለ ጎማ ላይ ጠንካራ ስታቢላይዘር መግጠም መንሸራተትን ማፋጠን ነው። ነፋሱን በሾፌሩ በር ማዕዘን ላይ ባለው የፋብሪካ ልክ ያስሞሉ፤ ጎሚስታው በግምት የሚሞላውን አይቀበሉ።

ቀጥሎ አሞርዛተር። የመኪናውን አንድ ማዕዘን በሙሉ ክብደትዎ ወደ ታች ተጭነው ይልቀቁት። አንዴ ተነሥቶ ከረጋ ደኅና ነው፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተወዛወዘ አሞርዛተሩ ሞቷል። የሞተን አሞርዛተር ስታቢላይዘር አይተካውም።

ከዚያ ያለዎትን ስታቢላይዘር ይመርምሩ። በኮብልስቶን ላይ ቀስ ብለው ሲነዱ ከፊት በኩል አጭርና ደረቅ «ቋ ቋ» የሚል ድምፅ ካለ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ሊንኩ ነው። ሊንኩን በእጅ ጨብጠው ወደ ላይና ወደ ታች ይነቅንቁት፤ ትንሽ ክፍተት እንኳ ከተሰማዎት የቴስቲናው ጊዜ አልፏል። ከቡሹ አጠገብ ብረቱ ላይ ቀለሙን በልቶ ያብለጨለጨ ቀለበት ካዩ ቡሹ ሰፍቷል፤ ብረቱ ከመጠምዘዙ በፊት በክፍተቱ ውስጥ በከንቱ ይጓዛል። ሁለት ቡሽና ሁለት ሊንክ ቀይሮ የፋብሪካውን ስታቢላይዘር ሥራ ላይ መመለስ ብዙ ሰው የሚመኘውን ለውጥ ያመጣል፤ ወጪውም ከአዲስ ስታቢላይዘር ያነሰ ነው። ይህን ሳያደርጉ ወደሚቀጥለው እንዳይሄዱ አጥብቄ እመክራለሁ።

ፊት ወይስ ኋላ?

መልሱን የሚወስነው መኪናው የሚነዳበት ጎማ ነው። በፊት ጎማ የሚነዳ መኪና ሞተሩም፣ ካምቢዮውም፣ መሪውም ፊት ስለሆኑ ከተፈጥሮው ፊቱ ይገፋል። ስለዚህ ጎልፍ፣ ቪትዝ ወይም አዳዲሶቹን ኮሮላዎች የያዘ ሰው ከኋላ ይጀምር። በብዙዎቹ ላይ የኋላው አክስል ራሱ የሚጠመዘዝ አንድ ወጥ ብረት ስለሆነ የሚጨመረው ስታቢላይዘር ሊንክ ሳይኖረው በቀጥታ አክስሉ ላይ ይታሰራል። እንዲህ ያለው ብዙ ጊዜ የማስተካከያ ቀዳዳ የለውምና ውፍረቱን ሲመርጡ ይጠንቀቁ። በጣም ካጠነከሩት ሲታጠፉ ውስጠኛው የኋላ ጎማ ከመሬት ይነሣል፤ ከተነሣ በኋላ ደግሞ ያ ጫፍ የሚያሸጋግረው ተጨማሪ ክብደት ስለማይኖረው ከዚያ በላይ ማጠንከር ምንም አይፈይድም።

በኋላ ጎማ የሚነዳ ዲኤክስ ወይም ቢኤምደብልዩ ከሆነ ከፊት ይጀምሩ፤ ኋላውን በፋብሪካው ልክ ይተዉት። ምክንያቱ ዲፈረንሻሉ ነው። ተራ ዲፈረንሻል ጉልበቱን የሚያባክነው ክብደቱ በቀለለው ጎማ ላይ ነው። ኋላውን ሲያጠነክሩ ውስጠኛው ጎማ ይቀላል፤ ከመታጠፊያው ሲወጡ ነዳጅ ሲረግጡ ያ ጎማ በባዶ ይሽከረከራል፣ መኪናውም ከመሄድ ይልቅ ያጨሳል። በክረምት እርጥብ አስፋልት ላይ ደግሞ ኋላው ሳያስጠነቅቅ ይወጣል። ጎማ መሽከርከርን የሚገድብ ዲፈረንሻል ያለው መኪና የኋላ ስታቢላይዘር በተሻለ ይችላል።

ስለ ቮልስ ለብቻው መናገር አለብኝ፤ በአራዳ ዛሬም በፍቅር የሚጠበቁ ቮልሶች አሉና። አሮጌዎቹ ቮልሶች ላይ የኋላ ጎማዎቹ የተሰቀሉት ከካምቢዮው ጎን በሚወዛወዙ ሁለት ግማሽ አክስሎች ላይ ነው። በፍጥነት ሲታጠፉ የመኪናው ኋላ ከፍ ይልና የውጭኛው ጎማ ከሥር ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ መኪናው የሚገለበጠው በዚህ ነው። የኋላ ስታቢላይዘር ይህን ያባብሰዋል እንጂ አያድነውም። ፋብሪካው ራሱ እ.ኤ.አ. ከ1960 ሞዴል ጀምሮ ስታቢላይዘር ያደረገው ፊት ላይ ነው፤ በኋላም ለአንዳንዶቹ ኋላ ላይ የጨመረው ብረት ማጋደልን የማይቃወም፣ ሁለቱ ጎማዎች አብረው ወደ አንድ አቅጣጫ ሲንቀሳቀሱ ብቻ የሚሠራ ነበር። ይህ ዓይነት ቮልስ ካለዎት የፊቱን ያጠንክሩ፤ ኋላ ላይ ግን ተራ ስታቢላይዘር ፈጽሞ አይጨምሩ።

ውፍረቱ ስንት ይሁን?

እዚህ ላይ ዓይን ያታልላል። የስታቢላይዘር ጥንካሬ ከውፍረቱ ጋር እኩል አያድግም፤ ውፍረቱ በራሱ አራት ጊዜ ተባዝቶ ነው የሚቆጠረው። ከ20 ወደ 22 ሚሊ ሜትር ሲሄዱ በእጅ ሲዳስሱት ልዩነቱ ኢምንት ነው፤ ጥንካሬው ግን በ46 በመቶ ይጨምራል። ከ22 ወደ 24 ሲሄዱ 42 በመቶ፣ ከ22 ወደ 25 ሲሄዱ 67 በመቶ ይሆናል። ከ18 ወደ 22 የዘለለ ሰው ከእጥፍ በላይ የጠነከረ ብረት ገጥሟል። ለከተማና ለረጅም ጉዞ ለሚያገለግል መኪና በአንዱ ጫፍ ብቻ ከ30 እስከ 50 በመቶ የሚደርስ ጭማሪ ይበቃል። በተግባር ሁለት ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ሻጩ «ከወፈረ ይሻላል» ቢልዎት ይህን ስሌት ያስታውሱት።

ውስጡ ባዶ የሆነ ስታቢላይዘር ካገኙ አይናቁት። በጥምዘዛ የሚለፋው የብረቱ ውጭኛው ክፍል ስለሆነ መካከሉ ቢቀር ብዙ አይጎዳም። ውጩ 25፣ ውስጡ 17 ሚሊ ሜትር የሆነ ቱቦ ድፍን ከሆነው 22 በ31 በመቶ ይጠነክራል፤ ክብደቱ ግን በሲሶ ገደማ ይቀንሳል።

ሁለተኛው መለኪያ የክንዱ ርዝመት ነው። የሚስተካከል ስታቢላይዘር በየጫፉ ሁለት ወይም ሦስት ቀዳዳ አለው። ወደ ጫፍ የራቀው ቀዳዳ ክንዱን ስለሚያረዝመው የላላ ነው፤ ወደ መታጠፊያው የቀረበው የጠበቀ ነው። ክንዱ 240 ሚሊ ሜትር ቢሆንና ሊንኩን 20 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ቢያዛውሩት ጥንካሬው 19 በመቶ ይጨምራል። በአንድ መፍቻና በግማሽ ሰዓት የሚገኝ ለውጥ ነው። ጥቂት ተጨማሪ ከፍሎ ባለ ሦስት ቀዳዳውን መግዛት ያዋጣል የምለው ለዚህ ነው።

ሲገዙ

አዲስ ከውጭ ማስመጣት ካልቻሉ መንገዱ ወደ ሶማሌ ተራ የመለዋወጫ ገበያ ያመራል። ፋብሪካዎች ለአንድ አካል የተለያየ ውፍረት ያላቸው ስታቢላይዘሮች ይሠራሉ፤ ለትልቁ ሞተር ወይም ለስፖርቱ ዓይነት የተገጠመው ብዙ ጊዜ ይወፍራል። የሞዴልዎን ኮድ ከሞተር ክፍሉ ሰሌዳ ላይ ጽፈው፣ አሮጌውን ስታቢላይዘር ከተቻለ አውልቀው፣ ካሊፐር ይዘው ይሂዱ። የሚለካው ቀጥ ባለው መካከለኛ ክፍል ላይ ነው፤ ቀለሙንና ዝገቱን ፍቀው፣ መታጠፊያው ላይ ሳይሆን። ከዚያ ብረቱን ደልዳላ ወለል ላይ ያስተኙት። ሁለቱ ጫፎች እኩል ካልተቀመጡ መኪናው ተጋጭቶ ብረቱ ተጣሟል ማለት ስለሆነ ተመልሶ ይቀመጥ። በመታጠፊያዎቹና በቡሹ መቀመጫ ላይ ጥፍርዎን ያስኪዱ፤ ጥፍር የሚይዝ መስመር ስንጥቅ ነው።

አንድ ነገር በጥብቅ እናገራለሁ። ስታቢላይዘር አይበየድም። ተቃጥሎ አይታጠፍም። ከፌሮ አይሠራም። ይህ ብረት በሙቀት ተሠርቶ የሞላ ባሕርይ የተሰጠው ነው፤ የብየዳ እሳት ያን ባሕርይ ያጠፋዋል፣ ከብየዳው ዳርም ሳይታሰብ ይሰበራል። የሚሰበረው ደግሞ ቆሞ ሳለ ሳይሆን ኃይል ባለበት ሰዓት፣ መታጠፊያ ላይ ነው። ቶርኖ ቤት ሊሠራልዎ የሚችለው ሌላ ነው፦ የቡሽ ማቀፊያ፣ የሊንክ ማስረዘሚያ፣ ብረቱ ወደ ጎን እንዳይንሸራተት የሚይዝ ቀለበት። በዚህ የአዲስ አበባ ባለ ቶርኖዎች እጃቸው የታመነ ነው።

ከመክፈልዎ በፊት ከመኪናዎ ሥር ገብተው አንድ ነገር ያረጋግጡ። በአንዳንድ አሮጌ መኪኖች የፊቱ ስታቢላይዘር የታችኛውን ክንድ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዳይሄድ የሚይዘው ራሱ ነው። እንዲህ ከሆነ ብረቱን መቀየር የጎማውን አቋም ይቀይራል፤ ከገጠሙ በኋላ አላይመንት ሳያስደርጉ አይነዱት።

አገጣጠም

በሥላሴ ዙሪያ ደልዳላ ቦታ ማግኘት ራሱ ሥራ ነው። ያም ሆኖ በተዳፋት ላይ አይጀምሩ። የማይነሡትን ጎማዎች ከፊትና ከኋላ በድንጋይ ወይም በእንጨት ያስይዙ። የሚሠሩበትን ጫፍ ሁለቱንም ጎማዎች እኩል ያንሡ፤ ክሪኩን አምነው ከሥር አይግቡ፣ ሻንሲውን በብረት ድጋፍ ላይ ያሳርፉት። እኩል ማንሣቱ ለሥርዓት ብቻ አይደለም። አንዱን ጎን ብቻ ካነሡ ስታቢላይዘሩ ተጠምዝዞ ይጠብቃል፤ የሊንኩን ዳዶ ሲፈቱ ብረቱ ተወንጭፎ እጅ ይሰብራል።

የዛገውን ዳዶ ማላቀቂያ ዘይት ረጭተው ያቆዩት። የሊንኩ ምሰሶ አብሮ መዞር ከጀመረ በመካከሉ ባለው የአለን ቀዳዳ ይያዙት፤ በጉልበት ከቀጠሉ የቴስቲናው ላስቲክ ይቀደዳል። አዲሱ ቡሽ ውስጡ ከብረቱ ውፍረት ጋር መግጠም አለበት፤ ለ22 የተሠራ ቡሽ በ24 ላይ ተጨፍልቆ ይገባል፣ ግን በሳምንታት ውስጥ ይቀደዳል። ፖሊዩሪቴን ከመረጡ የሲሊኮን ግሪስ ይቀቡት፤ ካልቀቡት ይጮኻል። የላስቲክ ቡሽን ደግሞ በተለመደው የዘይት ግሪስ አይንኩት፤ ላስቲኩን ያሳብጠዋል።

የማቀፊያዎቹን ብሎኖች በመጀመሪያ በእጅ ብቻ ያስይዙ። ብረቱን ግራና ቀኝ እያንሸራተቱ መካከል ላይ ያድርጉት። መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ሁለቱም ጎን እያዞሩ ብረቱ ከፍሬን ቱቦ፣ ከአክስል፣ ከማርሚታና ከቸርኬ ጋር እንደማይነካካ ይመልከቱ። ጎማው ተንጠልጥሎም፣ ከሥር በክሪክ ተገፍቶ ሲነሣም ይዩት። በአንዱ ሁኔታ ነጻ የሆነ ብረት በሌላው ሊነካ ይችላል። ከዚያ በቶርክ መፍቻ በፋብሪካው ልክ ያጥብቁ፤ ላስቲክ ያለበትን ዳዶ ደግመው አይጠቀሙበት።

በጣም የሚዘነጋው እርምጃ የሚመጣው መኪናው በጎማዎቹ ከቆመ በኋላ ነው። በሾፌሩ ወንበር ላይ ሰው ያስቀምጡ፤ ዘወትር የሚነዳው ሰው ከሆነ ጥሩ ነው። አንዱን ሊንክ ብቻ ከስታቢላይዘሩ ያላቅቁና ብሎኑን በጣትዎ መልሰው ለማስገባት ይሞክሩ። ያለ ምንም ግፊት በራሱ ከገባ ብረቱ ዕረፍት ላይ ነው። ቀዳዳው ከብሎኑ ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ካገኙት ብረቱ መኪናው ቆሞ ሳለ እንኳ ተጠምዝዟል፤ በዚህ ሁኔታ መኪናው ወደ ግራ ሲታጠፍና ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ባሕርዩ ይለያያል፣ ፍሬን ሲይዙም ወደ አንድ ጎን ሊስብ ይችላል። የሚስተካከል ሊንክ ካለዎት ብሎኑ በጣት እስኪገባ ድረስ ያስረዝሙት ወይም ያሳጥሩት። ሊንኩና የስታቢላይዘሩ ክንድ በዚህ ጊዜ በቀጤ ማዕዘን ቢገናኙ መልካም ነው። መኪናውን ዝቅ ያደረጉ ሰዎች አጭር ሊንክ የሚያስፈልጋቸው ለዚህ ነው።

ማስተካከልና መሞከር

ከላላው ቀዳዳ፣ ማለትም ወደ ጫፍ ከራቀው ይጀምሩ። ለጥቂት ቀናት በተለመደው መንገድዎ በተለመደው ፍጥነት ይንዱ። ድምፅ፣ መንቀጥቀጥ፣ የመሪ ክብደት ምን እንደሆነ ይወቁ።

ሙከራ የሚደረገው አጥር ባለው፣ ባለቤቱ በፈቀደው ሰፊና ባዶ ግቢ ውስጥ ነው። ከመካከል 15 ሜትር ገመድ ዘርግተው ክብ ያስምሩና ዙሪያውን ይንዱ፤ ፍጥነትዎን በጣም በዝግታ ይጨምሩ። በዚህ ክብ ላይ በሰዓት 35 ኪሎ ሜትር ብቻ ሲነዱ ወደ ጎን የሚገፋው ኃይል የስበትን ሁለት ሦስተኛ ይጠጋል፤ የመኪናውን ልክ ለማየት ከዚያ በላይ ፍጥነት አያስፈልግም። ሁለቱንም አቅጣጫ ይሞክሩ። መሪውን የበለጠ እያዞሩት ክቡ ከሰፋብዎ ፊቱ እየገፋ ነው፤ የፊቱን አንድ ቀዳዳ ያላሉ ወይም የኋላውን አንድ ያጥብቁ። ክቡ ከጠበበብዎና መሪውን ለመመለስ ከተገደዱ ኋላው እየወጣ ነው፤ ወዲያውኑ የኋላውን ያላሉ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይቀይሩ፤ ቀኑን፣ ቀዳዳውን፣ የጎማውን ነፋስና የተሰማዎትን በደብተር ይጻፉ። በሕዝብ መንገድ ላይ የሚነዳ መኪና ሁልጊዜ ትንሽ ፊቱ የሚገፋ ቢሆን ይመረጣል፤ ፊቱ ሲገፋ ማንም ሰው ነዳጅ ሲለቅ መኪናው ይመለሳል፣ ኋላው ሲወጣ ግን የሚመልሰው ሠልጥኖ የተለማመደ ብቻ ነው።

በኮብልስቶን ላይ አካሉ ግራና ቀኝ ራስ እያወዛወዘ ከሄደ ብረቱ ለመንገዱ በዝቷል። አንዱ ጎማ ድንጋይ ሲረግጥ ድንጋጤውን ለሌላው ስለሚያስተላልፈው ነው። በዚህ ጊዜ የሚስተካከለው ስታቢላይዘር ዋጋውን ይመልሳል፦ ለሰፈር ኑሮ ላላ ያለው ቀዳዳ፣ ወደ አዳማ በፍጥነት መንገዱ ለሚወጡበት ቀን መካከለኛው። ዝቅ ያለ መኪና የያዙ ሾፌሮች ስፒድ ብሬከርን በሰያፍ ማለፍ ለምደዋል። ቀጥ ብለው ሲያልፉት ስታቢላይዘሩ አይሠራም፤ በሰያፍ ሲያልፉት ግን ብረቱ እስከ ጥግ ይጠመዘዛል፣ ሊንኩም ይሠቃያል። ጠንካራ ስታቢላይዘር ከገጠሙ በኋላ ብሬከሩን ቀጥ ብለው በእግር ጉዞ ፍጥነት ይለፉት። ይህ ከከበደዎት መኪናው ዝቅ ያለው ከልክ በላይ ነው።

ሰኔ ሲገባ ኋላውን ወደ ላላው ቀዳዳ ይመልሱ። የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች በአስፋልቱ ላይ የተከማቸውን ዘይትና አቧራ ያነሡታል፤ በቸርችል ጎዳና ቁልቁለት ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። መስከረም ሲጠባ ወደ ቀድሞው ማስተካከል ይቻላል።

ከገጠሙ ከ100 ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላ ሁሉንም ብሎኖች በቶርክ መፍቻ ደግመው ይፈትሹ፤ ከዚያ በየዘይት ለውጡ ሊንኩንና ቡሹን ይዩ። ለዓመታዊው የቴክኒክ ምርመራ ሲቀርቡ የቀየሩትን ለመርማሪው በግልጽ ይንገሩ፤ ለኢንሹራንስዎም ያሳውቁ።

የእንጦጦ መንገድ መታጠፊያዎቹ ያማልላሉ። ግን በማለዳ በዚያ መንገድ ዳር የሚሮጡ አትሌቶችና እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች አሉ። አዲሱን ስታቢላይዘርዎን እዚያ እንዳይሞክሩት እለምንዎታለሁ።